ጢስ፣ ቅባትና ውሃ፦ በአርሲ ደጋ የአፍንጫ ድርቀትና የሳይነስ ሕመም አያያዝ ታሪክ

1. መግቢያ

በአሰላ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የአርሲ ደጋዎች በበጋ ወራት የሰነበተ ሰው ሁሉ ደጋግሞ ከሚሰማቸው እሮሮዎች አንዱ የአፍንጫ ነገር ነው። አንዱ «አፍንጫዬ ደርቆ ተሰነጠቀ» ይላል፤ ሌላው «ነስር አላስቀምጥ አለኝ» ይላል፤ ሦስተኛው ግንባሩን በሻሽ ጠፍሮ «ሳይነሴ ተነሣብኝ» በማለት ከሥራው ይቀራል። ሕመሙ ሰውን ቶሎ የሚገድል ስላልሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ አላተኰሩበትም። ስለ ፈንጣጣ፣ ስለ ኮሌራና በ1918 ስለ ገባው የኅዳር በሽታ የተጻፈ ይገኛል፤ ስለ ደረቀ አፍንጫ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ትንሽ ሕመሙን እንዴት እንደሚያስታምም መመርመር ስለ ቤቱ፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እምነቱና ስለ ገበያው ብዙ ነገር ያስተምራል። ትልቁ ወረርሽኝ መጥቶ ይሄዳል፤ ትንሹ ሕመም ግን ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራል።

የአርሲ ደጋ ሰው አፍንጫውን ያከመባቸው ነገሮች ብዙ ቢመስሉም ጠቅለል ተደርገው ሲታዩ ሦስት ናቸው፤ ይኸውም ጢስ፣ ቅባትና ውሃ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ ሦስቱ እኩል ዋጋ እንደሌላቸው ማሳየት ነው። ጢሱ የሕመሙ አባት ሆኖ ሳለ የመድኃኒት ስም ይዞ ኖሯል፤ ቅባቱ ለዐዋቂ ሰው ሲጠቅም ለሕፃን አደጋ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ፍሬ ያለው ውሃ ግን በየቀኑ በእጅ ሳለ መድኃኒት ተብሎ ሳይጠራ ቈይቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

2. አገሩና አየሩ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ጭላሎ ራሱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በስተ ደቡብ ያለችው በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ በኩል አገሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ ቍልቍል ይወርድና የዝዋይ ሐይቅ በ1,636 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ይህ አገር ኃይሌ ገብረ ሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራ በመሆኑ አየሩ በዓለም የታወቀ ነው። ሳንባን የሚያበረታው ይህ አየር ግን ለአፍንጫ ከባድ ሥራ ይሰጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፍንጫ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ብቻ ሳይሆን አየር ማሞቂያና ማርጠቢያ ነው። በበጋ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የሚገኘው 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሆነ አየር፣ ርጥበት ጠጥቶ ቢጠግብ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ7 ግራም ያህል የበለጠ ውሃ አይዝም። ያው አየር በአፍንጫ አልፎ ወደ ጕሮሮ ሲደርስ እስከ 33 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና 35 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። የጐደለውን 28 ግራም የሚያዋጣው የአፍንጫ ስስ ሽፋን ነው። አንድ ሰው በቀን ውስጥ የሚተነፍሰው አየር ከ10 ሜትር ኩብ እንደማያንስ ስናስብ የሥራው ብዛት ይገባናል። ሲተነፍስ ከውሃው ከፊሉን መልሶ ያገኘዋል፤ ሆኖም በበጋ ቀን ፀሓዩ አፈሩን ሲያደርቅና ነፋሱ አቧራ ሲያነሣ ወጪው ከገቢው ይበልጣል።

ሽፋኑ ሲደርቅ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ቅርፊት መሥራት፣ መሰንጠቅና መድማት ነው፤ ነስር የምንለው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛው ከዐይን የተሰወረ ነው። በአፍንጫና በሳይነስ ውስጥ ያለውን ንፍጥ ጠርገው የሚያወጡ፣ በማጕያ መነጽር ብቻ የሚታዩ ጥቃቅን ፀጕሮች አሉ፤ እነዚህ በርጥበት ውስጥ እንጂ በደረቅ አይቀዝፉም። ከግንባር፣ ከጕንጭና ከዐይኖች መካከል ባሉት አጥንቶች ውስጥ ያሉት ባዶ ክፍሎች፣ ማለት ሳይነሶች፣ በጠባብ በር ወደ አፍንጫ ይከፈታሉ። የጕንጩ ክፍል በር ደግሞ በላይኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ ንፍጡ ወደ ላይ ተገፍቶ ካልወጣ በቀር እንደ ውሃ ወርዶ አይፈስም። ስለዚህ ፀጕሮቹ ሲዳከሙ ንፍጡ ይጠራቀማል፤ ይወፍራል፤ ፊት ይከብዳል፤ አንዳንድ ጊዜም የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ያመመ ይመስላል።

ወቅቱም ያግዛል። አርሲ የገብስና የስንዴ አገር ነው፤ አዝመራው የሚወቃው አየሩ እጅግ በሚደርቅበት ጊዜ ነው። በአውድማ ላይ በሬዎች እየዞሩ ሲያበራዩና ገበሬው በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ሲበትን እብቁና ብናኙ ፊትን ይሸፍናል። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ከሥራ በኋላ አካባቢው በትራክተርና በማጨጃ መኪና እየታወቀ ሄደ፤ ብናኙ ግን አልቀረም፤ ከአውድማው ወደ መኪናው ዞረ እንጂ።

3. ቤቱና ጢሱ

ከውጭው አየር ይልቅ ታሪክን የሚነግረን የቤቱ አየር ነው። የደጋው ሣር ክዳን ቤት ብርድን ለመከላከል የተሠራ ነው። መስኮቱ የለም ወይም ጠባብ ነው፤ ምድጃው በመካከል ነው፤ የጢስ መውጫ አይበጅለትም። ጢሱ በሣሩ መካከል እየተጣራ ይወጣል፤ በዚህም ጣራውን ከተባይ ይጠብቃል፤ እህሉን ከነቀዝ ያድናል፤ ቤቱን ያሞቃል። የሚነደው እንጨትና ኩበት ነው። ስለዚህ ጢሱ ለቤቱ ሰው እንደ ባለውለታ ይቈጠር ነበር።

ባለውለታው ግን ዕዳ ነበረው። በምድጃው አጠገብ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት የምትቀመጠው ሴት ናት፤ በጀርባዋ የታዘለውም ሕፃን ነው። የጢስ ብናኝ ሽፋኑን ያቈስላል፤ ከላይ የተነገሩትን ጥቃቅን ፀጕሮች ያዳክማል፤ ዐይንን ያስለቅሳል፤ ሳንባንም ይጐዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ዛሬ በቤት ውስጥ ያለውን የማገዶ ጢስ ከዓለም ታላላቅ የጤና ጠንቆች መካከል ያስቈጥረዋል። «ጢስ ለለመደው ምንም አያደርግም» የሚለው አነጋገር በሽታውን ሳይሆን ትዕግሥቱን የሚያሳይ ነው።

ከዚህም በላይ ጢስ መድኃኒት ሆኖ ይታመን ነበር። የወይራ ጢስ የወተት ዕቃን ለማጠን ያገለግላል፤ ይህም ለወተቱ ጣዕምና ጥበቃ ጠቃሚ ነው። ዕቃውን ያጠራው ጢስ ሰውንም ያጠራል የሚለው ዐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዐሳቡ በግልጥ የታየው በ1918 ነው። በዚያ ዓመት በዓለም ሁሉ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ሰብስቦ ማቃጠልና ሰፈሩን ማጠን ልማድ ሆነ፤ ቀኑም «ኅዳር ሲታጠን» ተባለ። ቈሻሻውን መጥረጉ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን የኢንፍሉዌንዛን ተውሳክ አያባርርም፤ አፍንጫውና ሳንባው የደከመውን ሰው ያብስበታል እንጂ።

ይህ የእኛ ብቻ ስሕተት አልነበረም። በ1665 በለንደን ወረርሽኝ በገባ ጊዜ አየሩን ለማጥራት በየመንገዱ እሳት እንዲነድ ተደርጎ ነበር። በሽታ ከመጥፎ ሽታ ይወጣል የሚለው ትምህርት እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት ድረስ በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ጸንቶ ኖሯል።

4. ቅባት፦ ከለጋ ቅቤ እስከ ቫዝሊን

የአርሲ ኦሮሞ ከብት አርቢ ሕዝብ እንደ መሆኑ መጠን ቅቤ፣ በኦሮምኛ ዳዳ፣ ምግብም መዋቢያም መድኃኒትም ነው። ራስ ይቀባበታል፤ ቍስል ይለዝብበታል፤ የደረቀም አፍንጫ ይቀባበታል። አፍንጫ ሲደርቅ ወይም ጕንፋን ሲዘጋው ለጋ ቅቤ በጣት ጫፍ ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም አቅልጦ ጠብ ማድረግ በአርሲ ብቻ ሳይሆን በአማራውም በሌላውም የኢትዮጵያ ደጋ የታወቀ ነው።

ይህን ልማድ ከሥሩ ድንቍርና ነው ብሎ መጣል አይገባም። ቅባት ርጥበት አይፈጥርም፤ ያለው ርጥበት እንዳያመልጥ ግን ይከድናል። በ2001 የታተመ አንድ የስዊድን ጥናት በክረምት አፍንጫቸው በሚደርቅባቸው ሰዎች ላይ የሰሊጥ ዘይትንና የጨው ውሃን አወዳድሮ፣ ለድርቀቱ የሰሊጥ ዘይቱ ይበልጥ እንደሚያስታግስ አግኝቷል። ሰሊጥ የእኛ አገር ምርት መሆኑን አንባቢ ያስተውል። እንግዲህ ደረቅ አፍንጫን በቅባት ማለስለስ ትክክለኛ መነሻ ያለው ነገር ነው።

አደጋው ቅባቱ አፍንጫ ውስጥ ሳይቀር ወደ ሳንባ ሲወርድ ነው። በ1925 ላክለን የተባለ የካናዳ ሐኪም ዘይት በአፍንጫና በጕሮሮ ሲጨመርባቸው በቈዩ ሕመምተኞች ሳንባ ውስጥ ዘይቱ ተከማችቶ የሳንባ ምች እንዳስከተለ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ያው ነገር በልዩ ልዩ አገር፣ በተለይም የቀለጠ ቅቤ በሚጨመርላቸው ሕፃናት ላይ ታይቷል። ሕፃን ቅባቱን ስቦ ሲያስገባ ብዙ ጊዜ አያስልም፤ ስለዚህ እናት ነገሩን ሳታውቅ ልጁ ይታመማል። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ የማዋጥ ልማድም በዚሁ ረገድ የሚያሠጋ ነው። ሰውየው ዐዋቂ ሲሆን በአፍንጫው አፍ ላይ በስሱ መቀባትና ሕፃንን አንጋሎ ቅቤ ማንጠብጠብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአነጋገራችን ግን ሁለቱም «ቅቤ ማድረግ» ይባላሉ።

ከጊዜ በኋላ ቅቤውን ቫዝሊን ተካው። ቼዝብሮ የተባለው አሜሪካዊ በ1872 በስሙ ያስመዘገበው ይህ የነዳጅ ዘይት ቅባት ወደ ገበያችን ገብቶ ዛሬ በትንሿ ሱቅ ሳይቀር ይገኛል። አይሻግትም፤ አይሸትም፤ ዋጋውም ከቅቤ ያነሰ ነው። ስለዚህ ልማዱ ሳይለወጥ ዕቃው ብቻ ተለወጠ። ቪክስ የተባለውም ቅባት እንዲሁ ነው፤ የሚሸተው ሜንቶል አፍንጫው የተከፈተ ያስመስላል፤ በእርግጥ ግን መዘጋቱን አያስለቅቅም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት አፍንጫ ከፋች ጠብታዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አላቸው፤ ከጥቂት ቀን በላይ ከተወሰዱ መዘጋቱን ያብሱታል። ይህም በሐኪሞች ዘንድ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው።

5. ቅጠልና እንፋሎት

በአርሲ ከ1886 በኋላ የሸዋ ሰዎች በብዛት ሰፈሩ፤ ከተማዎች ተቈረቈሩ፤ ገበያዎችም ሰፉ። የሁለቱ ሕዝቦች የቤት መድኃኒት በዚያ ገበያ ተገናኘ። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ጥቍር አዝሙድና ፌጦ ከቅቤው ጐን ተሰለፉ። ዳማከሴ ለምች ነው፤ ቅጠሉ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፤ ጭማቂው ይጠጣል፤ ሰውነት ይታሽበታል። ጥቍር አዝሙድ ተቈልቶና ተወቅጦ በጨርቅ ይቋጠርና ጕንፋን የያዘው ሰው ያሸተዋል። ጤና አዳምም እንዲሁ ይሸተታል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ዐሳብ አለ፤ አፍንጫ የበሽታ በር ነው፤ ምችም ብርድም በዚያ ይገባሉ፤ ስለዚህ መድኃኒቱም በዚያው በር ይግባ የሚል ነው።

በእነዚህ ላይ የተጨመረው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ የመጣ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ያስገባውም ሞንዶን ቪዳይዬ የተባለው ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተፈልጎ መጣ፤ ነገር ግን ቅጠሉ ወዲያው መድኃኒት ሆነ። ዛሬ በአሰላ ዙሪያ ጕንፋን የያዘው ሰው ቅጠሉን በድስት ቀቅሎ፣ ራሱን በጋቢ ተከናንቦ እንፋሎቱን ይታጠናል። ይህ «ጥንታዊ» የሚባለው መድኃኒት እንግዲህ ዕድሜው ከመቶ ሠላሳ ዓመት ብዙ አያልፍም። ከአባቶች የወረስነው የምንለው ነገር ሁሉ አሮጌ እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያስቈመናል። በአማርኛ ጢስም ሲሆን እንፋሎትም ሲሆን ግሡ አንድ ነው፤ «ታጠነ» ይባላል። ዕጣን የሚለውም ስም ከዚያው ይወጣል። የወይራ ጢስ የሚወስድ ይታጠናል፤ የባሕር ዛፍ እንፋሎት የሚወስድም ይታጠናል። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ከረጢት ስለ ከተታቸው፣ ደረቁን የሚያደርቀውና ደረቁን የሚያረጥበው እንደ ወንድማማች ታዩ። ለአፍንጫ ግን ጢስና እንፋሎት ባላጋራዎች ናቸው።

እንፋሎቱስ ምን ያህል ይጠቅማል? በ2016 የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት ሥር የሰደደ ወይም የሚመላለስ የሳይነስ ሕመም ያለባቸውን 871 ሰዎች ከፋፍሎ፣ ከፊሎቹ እንፋሎት እንዲታጠኑ፣ ከፊሎቹ አፍንጫቸውን በጨው ውሃ እንዲያጥቡ፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም እንዲያደርጉ፣ የቀሩት በተለመደው ሕክምና እንዲቈዩ አደረገ። በጨው ውሃ መታጠቡ መጠነኛ ጥቅም ሲሰጥ፣ እንፋሎቱ ራስ ምታትን ከማቅለል በቀር ሕመሙን እምብዛም አላሻሻለም። በሌላ በኩል የፈላ ድስት ተገልብጦ ሕፃናትን የሚያቃጥል መሆኑ በየአገሩ የታወቀ ነው። እንፋሎት እንግዲህ ለጊዜው ያሳርፋል፤ የሕመሙ መድኃኒት ነው ማለት ግን አይቻልም።

6. ውሃ

አሁን ወደ ሦስተኛው እንመጣለን። በአርሲ ኦሮሞ መካከል እስልምና በስፋት የተስፋፋው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው፤ በባሌ የሚገኘው የድሬ ሼኽ ሑሴን የዚያራ ስፍራም ከዚያ ብዙ አስቀድሞ የእምነቱ ታላቅ ማዕከል ነበር። ከእምነቱ ጋራ ውዱእ መጣ። በውዱእ ጊዜ ምእመኑ እጁንና አፉን ከታጠበ በኋላ ውሃ በአፍንጫው ስቦ መልሶ ያስወጣል፤ ይህም ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ በዐረብኛ «ኢስቲንሻቅ» ይባላል። በቀን ለአምስት ሰላት የሚዘጋጅ ሰው አፍንጫውን ብዙ ጊዜ ያጥባል ማለት ነው።

ይህ ሥርዐት የተደነገገው ለአምልኮ ንጽሕና እንጂ ለሕክምና አይደለም፤ እኛም በሃይማኖቱ ጕዳይ የምንገባ አይደለንም። ነገር ግን ለታሪክ ተመልካች ትልቅ ነገር ነው። ከአውድማ የተመለሰ ገበሬ በአፍንጫው የተከማቸውን እብቅና አቧራ ሳያስበው ያጸዳ ነበር። በክርስቲያኑም ዘንድ በጠበል መጠመቅና በፍል ውሃ መታጠብ የቈየ ልማድ ነው፤ በአዋሽ ዳር ያለው የሶደሬ ፍል ውሃ ለአርሲ ሰው ሩቅ አይደለም። በሕንድ አገርም አፍንጫን በውሃ ማጠብ «ኔቲ» በሚል ስም ከጥንት ይታወቃል። ልዩ ልዩ ሕዝቦች፣ እያንዳንዱ በየምክንያቱ፣ ወደ አንድ ነገር መጥተዋል።

ለውሃው የጐደለው ጨው ነበር። ንጹሕ ውሃ ብቻውን ሽፋኑን ያቃጥለዋል፤ ጨዉ ከሰው ደም ጨው ጋራ ሲስተካከል ግን፣ ማለት በአንድ ሊትር 9 ግራም ያህል ሲሆን፣ ሳያቃጥል ቅርፊቱን ያለዝባል፤ ንፍጡን ያቀጥናል። ጨው በአሞሌ እየተቈረጠ ከአፋር በረሓ በሚመጣበትና እንደ ገንዘብ በሚቈጠርበት ዘመን ለአፍንጫ ማጠቢያ የሚሆን ጨው የሚያባክን ባለቤት አይኖርም ብሎ መገመት ይቻላል። ዛሬ ግን ጨው ከርካሽ ነገሮች አንዱ ነው። አንድ ሩብ ሊትር ውሃ አፍልቶ አቀዝቅዞ፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ጨምሮ፣ ጐንበስ ብሎ በአንዱ ቀዳዳ አስገብቶ በሌላው ማስወጣት ማንም ቤት ሊያደርገው የሚችል ነው።

ማፍላቱ ግን አይዘለል። በ2011 በአሜሪካ በሉዊዝያና ግዛት ያልፈላ የቧንቧ ውሃ በአፍንጫቸው ያፈሰሱ ሁለት ሰዎች አንጎልን በምትበላ አሜባ ተይዘው ሞተዋል። ነገሩ እጅግ የማያጋጥም ቢሆንም የምንጭና የኵሬ ውሃ ለምንጠቀም ሰዎች ማስጠንቀቂያ ነው።

7. «ሳይነስ» የሚለው ስም

በአማርኛ አፍንጫ ይባላል፤ በግእዝ አንፍ፤ በኦሮምኛ ፉንያን። ለሕመሙም ጕንፋን፣ ብርድ፣ ምች፣ ነስር የሚሉ ስሞች አሉን። «ሳይነስ» ግን ከውጭ የመጣ ቃል ነው፤ በላቲን ጐድጓዳ ወይም ሰርጥ ማለት ነው። ሐኪሞች በቃሉ የሚጠሩት በአጥንት ውስጥ ያለውን ክፍል ነው፤ የጕንጩን ክፍል በ1651 በመጽሐፉ በሚገባ የገለጠው እንግሊዛዊው ሃይሞር ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ቃሉ የክፍሉ ሳይሆን የበሽታው ስም ሆነ። ሰው ሁሉ ሳይነስ እያለው «ሳይነስ አለብኝ» ይላል።

ቃሉ ወደ ሕዝቡ የደረሰው ከዘመናዊ ሕክምና ጋራ ነው። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታል በ1910 ተከፈተ፤ በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን እያሠለጠነ ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ላከ። ከእነርሱ ጋራ የበሽታ ስሞችም ተሠራጩ።

ስሙ መጥቀሙ አልቀረም፤ ሕመሙ በጥላ ወጊ ወይም በዐይነ ጥላ የመጣ እንዳልሆነ አስተማረ። ጕዳቱ ደግሞ ሁሉን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። ለሦስት ቀን ጕንፋን የያዘውም፣ ማይግሬን የተባለው ራስ ምታት ያለበትም፣ በአቧራ የሚያስነጥሰውም፣ አፍንጫው የደረቀውም «ሳይነስ» ይባላል። በ2020 የወጣው የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ ሥር የሰደደ የሳይነስ ሕመም የሚለው ምልክቱ 12 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሲቈይ ነው፤ ለእርሱም በመጀመሪያ የሚያዝዘው በጨው ውሃ ማጠብንና በአፍንጫ የሚነፋ የኮርቲዞን መድኃኒትን ነው። በእኛ ዘንድ ግን ስሙ እንደ ተሰማ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ አንቲባዮቲክ ይገዛል። አብዛኛው የጕንፋን ዐይነት የአፍንጫ መዘጋት ከቫይረስ ስለሚመጣ መድኃኒቱ ከንቱ ይሆናል፤ ገንዘቡም ይባክናል፤ ተውሳኮቹም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

በዚሁ ስም ሥር ተሸፍኖ የሚቀር ሌላ ሕመም አለ። ኦዜና የተባለው በሽታ የአፍንጫውን ሽፋን ያሳሳል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ሳለ ሕመምተኛው የተዘጋበት ይመስለዋል፤ ውስጡ በወፍራም ቅርፊት ይሞላል፤ ከባድ ሽታም ያመጣል። ሕመምተኛው ማሽተት ስለማይችል ሽታውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሰው መሸሹን ብቻ ነው። በሽታው ይበልጥ የሚታየው በልጃገረዶችና በወጣት ሴቶች ላይ ሲሆን፣ በክፍል ውስጥ ከጐኗ የሚቀመጥ የምታጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የሚነግራት አታገኝም። ጀርመናዊው አቤል በ1893 ከዚህ በሽታ ጋራ የሚገኘውን ባክቴርያ ለይቷል። በአውሮፓ ኑሮ እየተሻሻለ ሲሄድ በሽታው ጥቂት ሆኗል፤ በሞቃትና በደረቅ ድኻ አገሮች ግን አልጠፋም። ለእርሱም ቢሆን የሕክምናው መሠረት በየቀኑ በጨው ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም ግሉኮስ የተጨመረበት ግሊሰሪን ጠብ ማድረግ ነው። እንደገና ወደ ውሃ ተመለስን ማለት ነው።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሦስት ነገር ይገኛል።

አንደኛ፣ የአርሲ ደጋ የአፍንጫ ሕመም ከተራራው አየር ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከምድጃውም ነው። ተራራውን ማዛወር አይቻልም፤ ምድጃውን ግን ማዛወር ይቻላል። በ1990ዎቹ የተሠራጨው ከሲሚንቶ የሚበጀው ምርጥ ምድጃ ማገዶን በመቈጠብ ጢሱን ያሳንሳል፤ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም ስለ ቤት ንጽሕናና ስለ ማብሰያ ቤት ያስተምራል። ማብሰያውን ከመኝታው መለየትና የጢስ መውጫ ማበጀት ከብዙ ጠርሙስ ጠብታ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የቤት መድኃኒቱን በጅምላ መቀበልም በጅምላ መንቀፍም ስሕተት ነው። ቅባት ለዐዋቂ ድርቀት በአፍንጫው አፍ ላይ በስሱ ቢደረግ ይጠቅማል፤ ለሕፃን አይገባም። ቅጠሉና እንፋሎቱ ያሳርፋሉ፤ አያድኑም። በነስር ጊዜ ራስን ወደ ኋላ ማንጋለል የተለመደ ቢሆንም ደሙ ወደ ጕሮሮ ስለሚወርድ፣ ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጨበጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ያለው መድኃኒት በእጃችን የነበረው ውሃ ነው፤ ጨው ጨምሮ አፍልቶ አቀዝቅዞ መጠቀም ብቻ ይቀረናል። ነገር ግን ዐይን ሲያብጥ፣ ብርቱ ትኵሳትና ራስ ምታት ሲኖር፣ ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ ደም ወይም መግል ሲመላለስ፣ ወይም ሕመሙ ከ12 ሳምንት ሲያልፍ ቤት መቀመጥ አይገባም፤ ለሐኪም መታየት ያስፈልጋል።

የታሪክ ተማሪዎች የሆንን ጓደኞቼም ድርሻ አለን። የምድጃውን አቀማመጥ፣ ልጅ ሲታመም ምን ጠብ እንደሚደረግለት፣ ቅቤው በቫዝሊን መቼ እንደ ተለወጠ የሚያውቁት እናቶቻችንና አያቶቻችን ናቸው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ጠይቀን ብንጽፍ የማንም መዝገብ ያልያዘው ታሪክ ይገኛል። ስንጠይቅም የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሊሰማው የሚገባውን ለይተን እናመጣለን፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር ዛሬም ዋጋ የምትከፍለው በጢሱ አጠገብ የተቀመጠችው ሴትና በጀርባዋ ያለው ልጅ ናቸው።